መፍራት የረሳው ጨዋታ ሠሪ

አንድ ሰውን በማስፈራራት እንጀራ ሊበላ ያሰበ ወጣት ነበር። ሽፍታ እንዳይመስላችሁ፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰላማዊ ሰው ነው። ስሙ ይትባረክ ይባላል። ሥራው የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ሲሆን፣ የሚሠራውም ሰው ወዶና ከፍሎ የሚፈራበትን ዓይነት ጨዋታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚገዛ ሰው አለ ወይ ለምትሉ፣ አዎ አለ፤ የሰው ልጅ በገዛ ፈቃዱ ሲደነግጥ ደስ ይለዋል።

ይትባረክ ብቻውን አልነበረም። ሐመልማል የምትባል የሥራ ባልደረባ ነበረችው። እሱ ታሪኩንና ሥዕሉን ይሠራል፤ እሷ ድምፁን ትሠራለች፤ የበሩን ሲጥሲጥታ፣ የወለሉን ጩኸት፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚሰማውን ሹክሹክታ። አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ሁለት ጠባብ ክፍል ተከራይተው አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ሲሠሩ ኖሩ። የጨዋታው ስም «እንግዳ» ነው። ተጫዋቹ ሩቅ ወዳለ የዘመድ ቤት ይሄዳል። የቤቱ ሰዎች ከሞቱ ቆይተዋል፤ እንግዳ መቀበል ግን አልተዉም። በር ይከፍታሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ያስተናግዳሉ፣ «ገና መምጣትህ ነው» ይላሉ። ጨዋታው ከዚያ ቤት እንደምንም ተሰናብቶ መውጣት ነው። የእኛን አገር መስተንግዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የቀረው ሽፋኑ ብቻ ነበር። ጨዋታዎች በሚሸጡበት የኢንተርኔት ገበያ ላይ እያንዳንዱ ጨዋታ በአንዲት ትንሽ ሥዕል ይታያል። ገዢው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ መቶውንም ሁለት መቶውንም ያሳልፋል። ዓይኑን የያዘው ላይ ይቆማል፤ ያልቆመበት ጨዋታ መኖሩንም አያውቅም። ይኸው ገበያ በዓመት አንድ ጊዜ አዳዲስ አስፈሪ ጨዋታዎችን ሰብስቦ ለሰባት ቀን ፊት ለፊት ያወጣል። ሁለቱም ተመዝግበው ተራ አግኝተዋል። ሥዕሉ መግባት ያለበት ዓርብ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለሐመልማል የሥራ ግብዣ አቅርቦላት መልሷን እየጠበቀ ነበር። አራት ዓመት ቤተሰቦቿን «ትንሽ ታገሱኝ» ስትል የኖረች ልጅ ናትና ከዚህ በላይ ለማለት አፍራለች። ስለዚህ ከይትባረክ ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። በሰባቱ ቀን ውስጥ «ይህ ጨዋታ ሲወጣ እገዛለሁ» ብለው የሚመዘገቡ ሰዎች አምስት ሺህ ካልሞሉ ክፍሎቹን ያስረክባሉ፤ እሷ ወደ ድርጅቱ ትገባለች፣ እሱም ወደ ቀድሞ መምህርነቱ ይመለሳል። «እንግዳ»ም እንደተዘጋ ይቀራል። ይትባረክ ሲስማማ ፈገግ ብሎ ነበር። ውስጡ ግን ከፍቶታል፤ ምክንያቱም ሥራውን ብቻ ሳይሆን እሷንም ማጣቱ ነው።

ስለዚህ ጊዜ ሳያጠፋ ሽፋኑን መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ የቤቱን በር ሣለ። ቁጭ ብሎ አየው፤ አላስፈራውም። ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት ጨመረበት። አላስፈራውም። ደም ጨመረ፣ ሰንሰለት ጨመረ፣ መጥረቢያ ጨመረ፣ በየመስኮቱ ቀያይ ዓይኖች ደረደረ። በመጨረሻ የጨዋታውን ስም ራሱን ደም እያንጠባጠበ ጻፈው። ሐመልማል ከጀርባው ቆማ ታይ ነበር።

«ይትባረክ፣ ትንሽ አልበዛም?» አለችው ቀስ ብላ።

«ምኑ ይበዛል? እኔን እኮ እስካሁን አላስፈራኝም። እኔን ካላስፈራ ማንን ሊያስፈራ ነው?»

ነገሩ እውነት ይመስላል። «በል ለማንኛውም ለጋሽ ደምመላሽ እናሳያቸው» አለች።

ጋሽ ደምመላሽ ከሕንፃው ሥር፣ ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ታፔላ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ለሲኒማ ቤት በትልልቅ ሸራ ላይ የፊልም ማስታወቂያ ይሥሉ ነበር። ዛሬ በማሽን የሚታተም ታፔላ ከተማውን ሞልቶታል፤ እሳቸው ግን ብሩሻቸውን አልጣሉም። የሰፈሩ ሰው አንድ ነገር እያነሣ ይቀልድባቸዋል። ታፔላ ጽፈው በጨረሱ ቁጥር መንገዱን ተሻግረው ማዶ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ጉዳይ ያለው ሰው መስለው እየተራመዱ በዓይናቸው ጭራ ገልመጥ አድርገው ያዩታል። እንዲህ ሲያደርጉ ሚኒባስ ሊገጫቸው የደረሰው ስንት ጊዜ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም። ለምን ሲባሉ «ታፔላ የሚጻፈው ለሚያልፍ ሰው ነዋ! አጠገቡ ቆሜማ ካየሁት ለራሴ ነው የጻፍኩት» ይላሉ።

ይትባረክ በትልቅ ወረቀት ያሳተመውን ሥዕል ዘረጋላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ።

«በዚህ ልክ ነው ሰው የሚያየው?»

«አይ ጋሼ፣ ስልክ ላይ ነው። ይቺን ብታክል ነው» አለና አውራ ጣቱን አሳያቸው።

«ታዲያ የአልጋ ልብስ ምን አሸከመህ? በል በክብሪት ቀፎ ልክ አሳንሰህ፣ ቀፎው ላይ ለጥፈህ አምጣልኝ። አብረውህ የሚታዩትንም የሌሎቹን ጨዋታዎች ሥዕል እንደዚያው አድርገህ አምጣ።»

በማግስቱ ሃያ የክብሪት ቀፎ ፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ ተደረደረ። ጋሽ ደምመላሽ ይትባረክን «ትንፍሽ እንዳትል» ብለው ጥግ ላይ አስቀመጡት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሲገባም ሲወጣም በመስኮቱ በኩል ያልፋል። አንዱ ወደ ቀፎዎቹ ዞር ብሎ አንዱን አነሣ፤ የይትባረክን አይደለም። ሌላው ሁለት አነሣ፤ ከሁለቱም የይትባረክ የለበትም። ብዙዎቹ ጨርሰው አላዩትም። በመጨረሻ አንድ ሹፌር ጎንበስ ብሎ የይትባረክን ቀፎ አነሣና ወደ ብርሃን አስጠጋው። ይትባረክ ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው።

«ይሄ የየትኛው ሥጋ ቤት ማስታወቂያ ነው?» ሲል ጠየቀ ሹፌሩ። «ክትፎ አላቸው?»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀምጦ ሳቀ። ያ ሁሉ ደምና መጥረቢያ በክብሪት ቀፎ ላይ ሲያንስ ቀይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ሹፌሩ ምን ያድርግ!

ይትባረክ አልሳቀም። ቀፎዎቹን ሰብስቦ ወጣና የጋሽ ደምመላሽ ቀለም ጣሳ አጠገብ ደፋቸው። ሽማግሌው ተከትለውት ወጡ፤ ሐመልማልም እዚያው ነበረች። «ጥፋቱ የሥዕሉ አይደለም። ይሄ ሰው ጌም አያውቅም» አለ። ተናዶ ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ሐዘኑ ይበዛ ነበር። አራት ዓመቱ በዚያ ሳቅ ሲያልቅ ታየው።

ሽማግሌው እስኪበርድለት ጠበቁትና፣ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አሉት። «ይሄ ጨዋታህ አንተን መጨረሻ ያስፈራህ መቼ ነው?»

«እኔን?» ይትባረክ አሰበ፤ ቆይቶም አሰበ። «እኔማ ሠሪው ነኝ። ምኑ ከየት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ከሺህ ጊዜ በላይ ተጫውቼዋለሁ ጋሼ።»

«በርበሬ ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ገና ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያስነጥሰዋል። እዚያ የሚሠራው ግን ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ይሄ በርበሬ ይፋጃል ወይ ብለህ እሱን ብትጠይቀው ምን የሚልህ ይመስልሃል?»

«አይፋጅም ይለኛል።»

«አንተም እንደሱ ሆነሃል። እስክታስነጥስ ድረስ ትጨምራለህ፤ አንተ ደግሞ ከእንግዲህ አታስነጥስም። እስቲ ንገረኝ፣ ከእናንተ ቤት እስካሁን የሚያስነጥሰው ማነው?»

«ማንም የለም። ሁለት ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ለምደነዋል።»

ሐመልማል የቀለም ጣሳውን ክዳን በጣቷ እየገፋች አቀርቅራ ነበር። ጋሽ ደምመላሽ አይተዋታል፤ ነገር ግን አልጠየቋትም። ብሩሻቸውን መጥረግ ጀመሩ።

«እኔ አልለመድኩትም» አለች በመጨረሻ።

ይትባረክ ዞረ። «ምኑን?»

«ኮሪደሩን። እጁ ያለበትን። የዚያን ክፍል ፍተሻ ሁልጊዜ ላንተ የምሰጥህ ለምን ይመስልሃል? ብቻዬን ስደርስበት ማዳመጫውን አውልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው። አራት ዓመት ሙሉ። አስፈሪ ጌም የምትሠራ ፈሪ ትለኛለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ይትባረክ የምትለውን ቦታ ያውቀዋል። ተጫዋቹ በጠባብ ኮሪደር ሲያልፍ ገርበብ ካለ በር አንድ እጅ ይወጣል። የእጁ ባለቤት አይታይም። እጁ በወግ የተጠቀለለ ጉርሻ ይዟል። «በሞቴ» ይላል አንድ ለስላሳ የሴት ድምፅ። ተጫዋቹ ካልጎረሰ አያልፍም። ሲጎርስ እጁ ይመለስና እንደገና ይወጣል፤ «አንድ ያጣላል» ይላል ድምፁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይትባረክ በሁለት ቀን ሠርቶ የረሳው፣ ደም የለበትም ብሎ ባለፈው ወር ሊያወጣው ያሰበው ክፍል ነበር።

«ድምፁን የቀዳሽው እኮ ራስሽ ነሽ» አላት።

«አዎ፣ የገዛ ድምፄን ነው የምፈራው» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር።

ይትባረክ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር። ፊቷን ሲያይ ተወው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?» ብሎ ጠየቃት። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው።

«መጥረቢያ የያዘ ቢመጣብኝ እሮጣለሁ፤ ማንም አይፈርድብኝም። ይሄ ግን ደግ ነው። የዘረጋልኝ ምግብ ነው። እምቢ ብል ነውር ነው፤ እሺ ብል ደግሞ ማን እያጎረሰኝ እንደሆነ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ዘመድ ቤት ስንሄድ የማላውቀው ሰው ሁሉ ያጎርሰኝ ነበር። ጠግቤም ቢሆን አፌን እከፍታለሁ። ማን እምቢ ይላል? እዚያ ኮሪደር ስደርስ አሁንም አፌን የምከፍት ይመስለኛል።»

ጋሽ ደምመላሽ «በል እንግዲህ፣ ሥዕልህ ይኸውልህ» አሉት።

ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ይትባረክ የድሮውን ሥዕል ጣለና አዲስ ጀመረ፤ ጨለማ፣ ገርበብ ያለ በር፣ ከበሩ የወጣ አንድ እጅ፣ በእጁ ጉርሻ። ከሥሩ በወፍራም ፊደል «እንግዳ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የለመደው አመል መጣበት። በጥፍሮቹ ሥር ትንሽ ደም አደረገና ለሐመልማል አሳያት።

«አሁን አልፈራሁም» አለች። «ደም ካለማ እንደምሮጥ ነግሬሃለሁ።»

አጠፋው። ቆይቶ በበሩ ክፍተት ሁለት ዓይኖች ጨመረ።

«አሁን ማን እንደሆነ አየሁት። አውጣቸው።»

አወጣቸው። ነገሩን ስንሰማው ቀላል ይመስላል፤ ለይትባረክ ግን ሥቃይ ነበር። አንድ ነገር ባወጣ ቁጥር ሥዕሉ ባዶ የቀረ ይመስለዋል። እሱ ራሱ እጁን ሲያየው አሁንም ምንም አይሰማውም፤ እጅ ነው፣ ጉርሻ ነው፣ በቃ። የገዛ ዓይኑ «አልበቃም» እያለው የእሷን ፍርሃት አምኖ መሥራት ነበረበት። አራት ዓመት የለፋበትን ነገር ለሌላ ሰው ስሜት አሳልፎ መስጠት ቀላል አይደለም፤ ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ።

ሐሙስ ዕለት ቀፎዎቹ እንደገና መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። አንድ ጎልማሳ ጢሙ በግማሽ ተላጭቶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳለ ስልኩን ሊያነሣ ወደ መስኮቱ መጣ። ስልኩን አንሥቶ ሊመለስ ሲል ቆመ። ቀፎውን አነሣ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄ እጅ የማነው?» አለ።

ቀፎውን ቦታው አስቀመጠና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ቀሪውን ጢም ሲላጨው ግን ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ወደ መስኮቱ እያየ «አንተ፣ የማነው ግን?» እያለ አስቸገረ።

ጋሽ ደምመላሽ ይትባረክን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «የሳቀ ሰው ያልፋል፤ የጠየቀ ሰው ግን ገብቶ ያያል። ሂድና አስገባው» አሉት።

ሥዕሉ ዓርብ ገባ። ሰባቱ ቀን ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን የተመዘገቡት መቶ አርባ ሰዎች ነበሩ። ይትባረክ የሐመልማልን ዓይን ማየት ፈራ። በሦስተኛው ቀን ግን ሥዕሉን እርስ በርሳቸው የሚላላኩ ሰዎች መጡ። ከደሴ አንዱ «እኔ ብሆን ነውር ነው ብዬ እጎርስ ነበር፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው» ብሎ ጻፈ። ጉርሻ ምን እንደሆነ የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ደግሞ «ይህ እጅ ሊያበላኝ ነው ወይስ ሊይዘኝ? ለማወቅ ብቻ እገዛዋለሁ» አለ። በሰባተኛው ቀን ከቀትር በፊት ቁጥሩ አምስት ሺህን አለፈ። ሐመልማል ስልኳን አንሥታ ድርጅቱን አመሰገነችና «ሥራ አለኝ» አለቻቸው። ይትባረክ ይህን ሲሰማ እንባው መጣ፤ ፊቱንም አላዞረም።

ከዚያ «ነይ፣ ኮሪደሩን አብረሽኝ ተጫወቺ» አላት። አንዱን ማዳመጫ ለእሷ፣ አንዱን ለራሱ አደረገ። ሲጫወቱ እሱ ስክሪኑን ማየት ትቶ እሷን ያይ ነበር። ኮሪደሩ ጋ ሲደርሱ ትከሻዋ ከፍ አለ፤ ትንፋሿ ቆመ፤ እጇ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ። ይትባረክ ያን ጊዜ ወደ ስክሪኑ ዞረ። በሩ ገርበብ ብሏል። እያንዳንዷን ጣት ራሱ የሣላት እጅ ወጣች። «በሞቴ» አለ ድምፁ። ይትባረክ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

«ፈራህ እንዴ?» አለችው ሐመልማል።

«ፈራሁ!» አለ። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ጨዋታ እንድትሠሩ አይደለም። ሰው የዘወትር ሥራው ያደረገው ነገር ቀስ በቀስ አይሰማውም። ሐኪም የሚወጋው መርፌ እንደሚያም ይረሳል፤ አስተማሪ ትምህርቱ ለጀማሪ ምን ያህል እንደሚከብድ ይረሳል፤ አባት ቁጣው ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ይረሳል። ሲረሱም አልበቃም እያሉ ይጨምራሉ። አጠገባቸው ግን ብዙ ጊዜ ያልለመደ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ዝም የሚለው ስለማይሰማው ሳይሆን ስለሚያፍር ነው። የእሱን ስሜት ድክመት ነው ብለን ስንንቅ የሥራችንን መለኪያ እናጣለን፤ ቀርበን በቅንነት ስንጠይቀው ግን ሥራችንም ይቃናል፣ የደነዘዘውም ልባችን ተመልሶ ይነቃል። የደነዘዘ ልብ ይነቃል፤ ይህን አትጠራጠሩ።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በሥራህ አንተ የለመድከውን ነገር እስከ ዛሬ ያልለመደው ሰው ማነው? ምን እንደሚሰማውስ አንድ ቀን ጠይቀኸው ታውቃለህ?